ልቦለድ ስትጽፉ የታሪክ መስመሮቻችሁን በምን ትይዛላችሁ? ከማኒላ ወረቀት እስከ ስክሪቭነር

የምጽፈው ረጅም ልቦለድ ሦስት የታሪክ መስመር አለው። አንደኛው የድሮው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ አያት ነው። ሁለተኛው በ1998 ሐምሌ ሲያልቅ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን የመታበት ሌሊት ነው። ሦስተኛው ዛሬ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትኖር የልጅ ልጅ ናት።

ምዕራፍ 9 ላይ አንዲት ልጅ ወንዙ ዳር ቆማ ወንድሟን ትጠራለች። ከዚያ በኋላ እስከ ምዕራፍ 17 ስሟ አልተነሳም። ረቂቁን ያነበበልኝ ጓደኛዬ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ሻይ ይዘን እንደተቀመጥን "አቦ፣ ያቺ ልጅ ግን ምን ሆነች?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አንባቢው ሰባት ምዕራፍ ሙሉ እሷን እየጠበቀ ነው፣ እኔ ደግሞ አያትየውን ይዤ ነጉጃለሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መስመሮቼን የምይዝበት ነገር ስፈልግ ቆየሁ። ወረቀት ሞከርኩ፣ ኤክሴል ሞከርኩ፣ በነጻ የሚገኙትንም በሙከራ ጊዜ የሚሰጡትንም ፕሮግራሞች አንድ በአንድ አየሁ። አማርኛ ለሚጽፍ፣ እንደኛ ከተማ ለሚኖር ሰው የሚሆነው የቱ እንደሆነ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ያየሁትን እዚህ አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ፕሮግራም ከማውረዳችሁ በፊት አንድ ነገር ቁርጥ አድርጉ፤ ምን እንዲያሳያችሁ ነው የምትፈልጉት? ለኔ ጥያቄው አንድ ነው። የትኛው መስመር፣ ከየትኛው ምዕራፍ እስከ የትኛው ምዕራፍ ዝም አለ? ይህንን በአንድ እይታ የሚያሳይ ነገር ጥሩ ነው። የማያሳይ ከሆነ የቱንም ያህል ቢያምር ያቺ ልጅ እንደገና ትጠፋለች። ስለዚህ የመጀመሪያው መስፈርት መስመሮቹን ጎን ለጎን ማሳየቱ ነው።

ሁለተኛው ፊደላችን ነው። የውጭ አገር መመሪያዎች ላይ ይህ ስለማይነሳ ትንሽ ላብራራው።

የአያትየው ስም ጸጋዬ ነው። አንድ ቀን እሱ ያለባቸውን ትዕይንቶች ለመቁጠር ስሙን ፈልግ አልኩት፤ 14 አመጣልኝ። ሌሎች 6 ትዕይንቶች ግን "ፀጋዬ" ተብለው ተጽፈው ስለነበር አልመጡም። ለኮምፒውተር ጸ እና ፀ ሁለት ፊደል ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀም፣ ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም እንዲሁ። እኛ ስናነብ ለይተን አንሰማቸውም፣ ስንጽፍም እንደ እጃችን እንቀያይራቸዋለን። እና በፍለጋ ብቻ ገጸ ባሕርይ እከተላለሁ ካላችሁ ግማሹ ሊያመልጣችሁ ይችላል። ገጸ ባሕርዩን አንዴ መዝግባችሁ ከየትዕይንቱ ጋር የምታያይዙበት ቦታ ያለው ፕሮግራም ከዚህ ያድናችኋል። ከሌለው ደግሞ የስም ዝርዝር አንድ ገጽ ላይ አውጡ፣ አጻጻፉን ወስኑ፣ ከዚያ ኮፒ እያደረጋችሁ ለጥፉ።

ፊደል ካነሳን አይቀር፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያውቁት የፊደል ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ ረቂቅ ካላችሁ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩት። እንዳለ ከከተታችሁት የምታዩት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ለመጻፊያ ኮምፒውተር ላይ ኪይማን፣ ስልክ ላይ ጂቦርድ አማርኛ ያስጽፋሉ፣ ሁለቱም ዩኒኮድ ናቸው።

ሦስተኛው፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ መሥራት አለበት። አራተኛው ክፍያው ነው። የሚሸጡት ፕሮግራሞች በዶላርና በዓለም አቀፍ ካርድ ነው የሚከፈሉት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እየተወሰነ ስለሆነ በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ በብር ስታሰሉት ዘንድሮና ከርሞ አንድ አይሆንም። ብዙዎቻችን ደግሞ የምንገዛው ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ነው። ዘመድን አንዴ "ይህን ግዛልኝ" ማለት ይቻላል። በየዓመቱ መደወል ግን ይከብዳል።

አምስተኛው መውጫው። አርታኢም ማተሚያ ቤትም የሚጠይቋችሁ የወርድ ፋይል ነው። ጽሑፋችሁን ወደ ወርድ በቀላሉ የማያወጣ ፕሮግራም ውስጥ አትግቡ።

ማኒላ ወረቀት

ሦስት ቀለም ማኒላ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገዝታችሁ በመዳፍ ልክ ትቆርጣላችሁ። አያትየው ቢጫ፣ ጎርፉ ሰማያዊ፣ የልጅ ልጅየዋ ሮዝ። በአንድ ካርድ አንድ ትዕይንት፣ ሁለት መስመር ጽሑፍ። ከዚያ ወለሉ ላይ በቅደም ተከተል ትደረድሩታላችሁ። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ እያለ ሲሄድ ሰማያዊው የት እንደጠፋ ማንም ሳይነግራችሁ ይታያችኋል። ቆማችሁ ከላይ ስታዩት ሙሉ ልቦለዱ እግራችሁ ሥር ነው። እንደዚህ ዓይነት እይታ ስክሪን ላይ አላገኘሁም።

ድሬ ላይ ችግሩ ቬንትሌተር ነው። ግንቦት ላይ ያለ ቬንትሌተር መቀመጥ አይታሰብም፣ እሱ ሲዞር ደግሞ ካርዱ ሁሉ ይነሳል። ጠጠር ጫኑበት፣ ጀርባው ላይም በእርሳስ ቁጥር ስጡት፣ ቢበተንም ትመልሱታላችሁ። ትዕይንቶቻችሁ ከ50 ሲያልፉ ግን ወለሉ አይበቃም። ፍለጋ የለውም፣ ቅጂም የለውም። በየቀኑ ማታ ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ አንሱት።

ጉግል ሺትስ ወይም ኤክሴል

ብዙ ሰው ለሒሳብ ብቻ ይመስለዋል። ለታሪክ መስመር ግን እስካሁን ካየሁት በነጻ ከሚገኘው ሁሉ ይበልጣል።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። ምዕራፎቹን ወደ ታች፣ የታሪክ መስመሮቹን ወደ ጎን አድርጉ። የውጭዎቹ ብዙ ጊዜ ገልብጠው ነው የሚሠሩት፣ ስልክ ላይ ግን ወደ ታች መሳብ ስለሚቀል የኔ ይሻላል። የላይኛውን ረድፍና የመጀመሪያውን ዓምድ እንዳይንቀሳቀሱ አስሯቸው። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉ፣ እሱም በዚያ ምዕራፍ መስመሩ ላይ ምን እንደተለወጠ የሚናገር ይሁን። "አያትየው ጣቢያ ሄደ" አይበቃም። "አያትየው ስሙ ከሠራተኛ ዝርዝር መሰረዙን አወቀ" ይበቃል። ለውጥ ካልኖረ ሳጥኑ ባዶ ይሁን። ባዶውን ሳጥን ግራጫ እንዲያደርገው እዘዙት፤ ሁኔታን አይቶ ቀለም የሚቀባ ትእዛዝ አለው።

የኔን ሠንጠረዥ እንዲህ ስሞላ ምዕራፍ 8 ላይ ሦስቱም ሳጥኖች ሞልተዋል። ምዕራፍ 9 የጎርፉ ሳጥን "ልጅቷ ወንድሟን አጣች" ይላል። ከሥሩ ሰባት ግራጫ ሳጥን ተደርድሯል፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ግድግዳ። ጓደኛዬ ያለኝን በዓይኔ አየሁት። እዚያው ጎን የአያትየው ዓምድ ውስጥ ሁለት ተከታታይ ምዕራፎች ላይ ተመሳሳይ ለውጥ ጽፌ አገኘሁ፤ አንዱ ምዕራፍ ተቆረጠ። የጠፋው ብቻ ሳይሆን የተደገመውም ይታያል ማለት ነው።

አንድ አደጋ ግን አለው፣ ቀን ላይ። የኢትዮጵያን ቀን 1998-11-30 ብላችሁ ስታስገቡ ፕሮግራሙ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይወስደዋል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም፣ በቅደም ተከተል ይደረድርላችኋል። ጳጉሜ ስትደርሱ ግን 13ኛ ወር አያውቅም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ያየዋል። ጥቅምት 30ም እንደዚያው ነው፤ 02-30 ለሱ የፌብሩዋሪ 30 ስለሆነ አይቀበለውም። ከዚያ "ደርድር" ስትሉት ጥቂት ቀኖች ከቦታቸው ወጥተው ሌላ ጥግ ይገኛሉ። ኤክሴል ደግሞ በራሱ ከ1900 በፊት ያለ ዓመትን እንደ ቀን አይቆጥርም። ከጨለንቆ ጦርነት፣ ከ1879 ጀምሬ ልጻፍ ያለ ሰው ይህን ይወቅ። መፍትሔው ቀላል ነው። ምንም ከመጻፋችሁ በፊት የቀኑን ዓምድ "ተራ ጽሑፍ" አድርጉት፣ ወርና ቀኑን ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ጻፉ። በትክክል ይደረደራል።

እንደኔ ታሪካዊ ነገር ለምትጽፉ ሁለት የቀን ዓምድ ይኑራችሁ። የባቡር ድርጅቱ ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እናቶቻችን የሚነግሩን በኛው። ጎርፉን ፈረንጆቹ ኦገስት 6 ቀን 2006 ይሉታል። ኦገስትን ዝም ብሎ "ነሐሴ" ብሎ የሚተረጉም ብዙ ነው። በኛ አቆጣጠር ግን ሐምሌ 30 ቀን 1998 ነው። በአንድ ቀን ምክንያት ወሩ ይለወጣል፣ እዚህ ከተማ ያንን ሌሊት ያሳለፈ አንባቢ ደግሞ ያውቀዋል።

ጽሑፉን ራሱን ሺትስ ውስጥ አትጽፉም፣ በወርድ ወይም በጉግል ዶክስ ነው የምትጽፉት። ስልክ ላይ ፋይሉን ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉበት። ይህን ካልነካችሁ ኔትወርክ ሲጠፋ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ።

ወርድ ብቻውን

አንድ የታሪክ መስመር ብቻ ካላችሁ ይበቃል። ርዕሶቹን በትክክል "ርዕስ" አድርጋችሁ ከሰየማችሁ በግራ በኩል የምዕራፍ ዝርዝር ይወጣል፣ ምዕራፍንም ጎትታችሁ ቦታ ታስቀይራላችሁ። መስመሮችን ጎን ለጎን ግን አያሳይም።

ዋይራይተር

ሳይመን ሄይንስ የሚባል አውስትራሊያዊ ደራሲ፣ ፕሮግራመርም ነው፣ ለራሱ ሥራ ብሎ የሠራው ነው። ዊንዶውስ ላይ በነጻ ይሠራል። ቀላል ስለሆነ እዚሁ ድሬ ከታይዋን ገበያ በተገዛ ያገለገለ ላፕቶፕም አይንገዳገድም። አንድሮይድ ላይም አለ።

ልቦለዱን ወደ ምዕራፍ፣ ምዕራፉን ወደ ትዕይንት ይከፍላል። ለየትዕይንቱ ማን እንዳለበት፣ የት እንደሆነ፣ ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚታይ ትመዘግባላችሁ። የጸጋዬ ችግር እዚህ ይፈታል። ስሙን አንዴ ትመዘግቡታላችሁ፣ ከዚያ ከዝርዝር ትመርጣላችሁ። ትዕይንቶቹን በባለ እይታው ገጸ ባሕርይ ለይቶ የሚደረድር የስዕል ሰሌዳም አለው።

ልብ በሉ፣ ሰሌዳው የሚከፍለው በገጸ ባሕርይ እንጂ በታሪክ መስመር አይደለም። እያንዳንዱ መስመራችሁ የራሱ ባለ እይታ ካለው፣ እንደኔ፣ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፣ ደስ ይላል። አንድ ሰው ሦስት መስመር ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ይምታታል። መልኩም የድሮ ነው፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ታገሡት።

ስክሪቭነር

ደራሲዎች ሲያወሩ መጀመሪያ የሚነሳው ይህ ነው። ማክ ላይ ከ2007፣ ዊንዶውስ ላይ ከ2011 ጀምሮ አለ፣ በፈረንጆቹ። ዋጋው 60 ዶላር ገደማ ነው፣ የምትከፍሉትም አንዴ ነው። ሙከራው 30 ቀን ነው፣ የሚቆጠረው ግን የከፈታችሁበት ቀን ብቻ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የምትጽፉ ከሆነ 15 ሳምንት ይሄዳል። ሳትቸኩሉ ሞክሩት።

ጽሑፉም ዕቅዱም ማስታወሻውም አንድ ቦታ ነው። እያንዳንዱ ትዕይንት ጀርባው ላይ ካርድ አለው፣ ካርዶቹን በሰሌዳ ላይ ታያላችሁ። ለታሪክ መስመር የሚጠቅመው 3ኛው ስሪት ላይ ያለው ነገር ነው፦ ካርዶቹን በመለያ ቀለማቸው በየመስመራቸው ይሰድራቸዋል። ለየመስመሩ ቀለም ትሰጣላችሁ፣ ሰሌዳው እንደ ባቡር ሐዲድ ሦስት ሆኖ ይዘረጋል፣ ባዶው ቦታ ወለል ላይ እንዳለው ማኒላ ይታያል። ካርዱን ስትጎትቱ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል፤ ሺትስ ይህን አያደርግም። ችግሩ አንድ ትዕይንት አንድ መለያ ብቻ መያዙ ነው። ጎርፉና አያትየው አንድ ትዕይንት ላይ ሲገናኙ በቁልፍ ቃል መደገፍ አለባችሁ።

አማርኛ ይጽፋል። ፎንቱን ከመጀመሪያው ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ አድርጉት፣ ወደ ወርድ ስታወጡም ያንኑ ምረጡ። አንድሮይድ ላይ የለም፣ ይህ ለብዙዎቻችን ትልቅ ጉድለት ነው። ፕሮጀክቱ ደግሞ ብዙ ትንንሽ ፋይል የያዘ ፎልደር ስለሆነ ፍላሽ ላይ ሲገለበጥ ሊጎድል ይችላል። ሲዘጋ በራሱ የሚያስቀምጠውን የታመቀ ቅጂ ገልብጡ።

ስለ ቃላት ብዛት አንድ ነገር ልበል። እነዚህ ፕሮግራሞች የቃላት ግብ ያስቀምጡላችኋል፣ የውጭ መመሪያዎችም 80 ሺህ ቃል ይላሉ። አማርኛ "አልነገረችኝም" የሚለውን በአንድ ቃል ይጨርሳል፣ እንግሊዝኛ አራት ወይም አምስት ቃል ይፈጅበታል። ያንን ግብ ለኛ ልቦለድ አታስቀምጡ።

ፕሎተር

ይህኛው የተሠራው በቀጥታ ለታሪክ መስመር ነው። መስመሮቹ ባለ ቀለም ሆነው ይዘረጋሉ፣ ምዕራፎቹ ያቋርጧቸዋል፣ መገናኛው ላይ ካርድ ታስቀምጣላችሁ። ሺትስ ላይ በእጃችሁ የሠራችሁት ተዘጋጅቶ፣ አምሮ መጣ በሉት። በገጸ ባሕርይ፣ በቦታ ታጣራላችሁ። ዕቅዱን ወደ ወርድም ወደ ስክሪቭነርም ያወጣል።

ግን ልቦለዱን የምትጽፉት ሌላ ቦታ ነው። ክፍያው በዓመት ነው፣ ለዘለቄታው አንዴ የሚከፈልም አለው፣ እሱ ወደድ ይላል። አብረውት የሚመጡት ዝግጁ የታሪክ ቅርጾች ለጀማሪ ይጠቅማሉ። እኔ ግን የአያቴ ዘመን ሰዎች ታሪክ ሲያወሩ በነዚያ ቅርጾች ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፣ ስለዚህ ባዶውን ነው የምመርጠው። አራት አምስት መስመር ላለው፣ ሳይጽፍ በፊት ሁሉንም ማቀድ ለሚወድ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም።

ኦብሲዲያን

ነጻ ነው፣ አንድሮይድ ላይም አለ፣ ፋይሎቹ በራሳችሁ መሣሪያ ላይ ተራ ጽሑፍ ሆነው ይቀመጣሉ። ማስታወሻን ከማስታወሻ ጋር ታያይዛላችሁ። "ደቻቱ" የሚል ገጽ ከከፈታችሁ የትኞቹ ትዕይንቶች እንደጠሩት ይነግራችኋል። ካርድና ቀስት የምታስቀምጡበት ሰፊ ሰሌዳም አለው። ብዙ ጥናት ያለበት፣ ሽማግሌ እየጠየቀ ማስታወሻ የሚይዝ ደራሲ ይወደዋል። የመስመር ሠንጠረዥ ግን ራሳችሁ ናችሁ የምትሠሩት፣ ወደ ወርድ ለማውጣትም ተጨማሪ እርምጃ ይፈልጋል። ተጨማሪ መገጣጠሚያዎቹ (ፕለጊን የሚባሉት) ብዙ ስለሆኑ እነሱን ስትሞክሩ ሳምንት ይሄዳል።

የራሳችሁን ዘመን አቆጣጠር፣ 13 ወሩን ጨምሮ፣ መገንባት የምትፈልጉ ኤዮን ታይምላይን የሚባለውን እዩት፣ በክፍያ ነው። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ማኑስክሪፕትና ኖቭልራይተር የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉላችሁ።

በአጭሩ

| አማራጭ | መስመሮችን ጎን ለጎን | ገጸ ባሕርይ ምዝገባ | ያለ ኢንተርኔት | አንድሮይድ ስልክ | ክፍያ |
|---|---|---|---|---|---|
| ማኒላ ወረቀት | በጣም ጥሩ፣ እስከ 50 ትዕይንት | የለም | አዎ | – | የወረቀት ዋጋ |
| ጉግል ሺትስ | በጣም ጥሩ | በእጅ | አዎ፣ አስቀድሞ ከተዘጋጀ | አዎ | ነጻ |
| ወርድ ብቻውን | አያሳይም | የለም | አዎ | አዎ | እንደ ስሪቱ |
| ዋይራይተር | በባለ እይታ ገጸ ባሕርይ | ጥሩ | አዎ | አዎ | ዊንዶውስ ላይ ነጻ |
| ስክሪቭነር | ጥሩ፣ በመለያ ቀለም | በቁልፍ ቃል | አዎ | የለም | 60 ዶላር ገደማ፣ አንዴ |
| ፕሎተር | በጣም ጥሩ | ጥሩ | አዎ | ዋናው ሥራ ኮምፒውተር ላይ | በዓመት ወይም ለዘለቄታው |
| ኦብሲዲያን | ራስ ሲሠራው | በማያያዣ | አዎ | አዎ | ነጻ |

ለማን የቱ?

ስልክ ብቻ ካላችሁ ሺትስና ጉግል ዶክስ፣ ሌላ አትፈልጉ። ያገለገለ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ካላችሁና ለፕሮግራም የምታወጡት ገንዘብ ከሌለ ዋይራይተር ላይ ጻፉ፣ መስመሩን ሺትስ ላይ ያዙ። ገና የመጀመሪያ ልቦለዳችሁ ከሆነ፣ ትዕይንቱም ጥቂት ከሆነ በማኒላ ጀምሩ፣ መስመር ማለት ምን እንደሆነ እጃችሁ ይለምደዋል።

60 ዶላር አንዴ ማውጣት የምትችሉ፣ ላፕቶፕ ላይ የምትጽፉ፣ ረቂቁን ደጋግማችሁ የምትበውዙ ስክሪቭነር ይሁንላችሁ። ሙከራውን ሳትጨርሱ ግን አትግዙ። ፕሎተርን ከአራት መስመር በታች ላለው ሰው አልመክርም፣ ለዓመታዊ ክፍያው የሚሆን ሥራ አያገኝለትም።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። የጻፋችኋቸውን አሥር ምዕራፎች ሺትስ ላይ አስገቡ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሳጥኖቹን ስትሞሉ "ምን ተለወጠ" የሚለው ካስቸገራችሁ ችግሩ ምዕራፉ ላይ ነው፣ እዚያ ላይ የትኛውም ፕሮግራም አይደርስላችሁም። ሳጥኖቹ ሞልተው ነገር ግን ትዕይንት ማዘዋወሩ ካሰለቻችሁ ያኔ ስክሪቭነር ገንዘቡን ያወጣል።

እኔ አሁን የምጽፈው ስክሪቭነር ላይ ነው፣ ሠንጠረዡ ግን አሁንም ሺትስ ላይ፣ ስልኬ ውስጥ ነው። ባጃጅ ላይ ሆኜም እከፍተዋለሁ። ልጅቷ ምዕራፍ 12 ላይ ሳቢያን ሰፈር ዘመድ ቤት ታድራለች፣ ምዕራፍ 14 ላይ የወንድሟን ጫማ ይዛ ወደ ወንዙ ትመለሳለች። ምዕራፍ 15 እና 16 ላይ ሳጥኗ ገና ግራጫ ነው።